ጀርባውን ያዞረ ሚዛን

ጡረተኛው የሚዛን ተቆጣጣሪ ዓይናቸውን ሊታዩ ወጥተው፣ የእህታቸውን ልጅ መንገድ ዳር ካርቶን ተሸክማ አገኟት።

ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የነጋዴ ሚዛን ሲመረምሩ የኖሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ በሰው ላይ ጠባይ ጥሎ ያልፋል። ዳቦ ሲገዙ መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ደግ ቃል ሲነገራቸውም እንዲሁ ናቸው። «እንደምን አደሩ?» ያላቸውን ሁሉ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብለው በልባቸው ሳይመዝኑ «ደህና» አይሉትም። ሠፈርተኛው ስማቸውን ትቶ «ጋሼ ይጎድላል» ካላቸው ቆይቷል። ሰምተዋል፤ አልከፋቸውም። እንዲያውም እንደ ሹመት ቆጥረውታል።

ያን ረፋድ ከአውቶቡስ ወርደው ባለ አሥራ አንድ ፎቁ የመስተዋት ሕንፃ አጠገብ ሲደርሱ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ጫማቸው ነጭ፣ ጸጉራቸው የተበጠረ፣ ጀርባቸው ላይ የኮምፒውተር ቦርሳ። ለተቃውሞ ሳይሆን ለፎቶግራፍ የተሰለፉ ይመስላሉ። ከመካከላቸው የእህታቸው ልጅ፣ ያቺ «የምትሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው» እያሉ ጎረቤት ያስቀኑባት ፕሮግራመር፣ «የተጻፈብንን እናንብብ» የሚል ካርቶን ወደ ላይ አንሥታለች።

«አንቺ ልጅ! የሞተ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም ጋሼ! እንደምን አረፈዱ? ሥራ አቁመን ነው።»

«ቆመ ወይስ አቆማችሁ?»

«አቆምን።»

«ማን አስቁሟችሁ?»

«ማንም። ራሳችን ነን።»

«‹ማንም›ን ሠላሳ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ። ሚዛኑን ማን ነካካው ብዬ ስጠይቅ ሁልጊዜ ‹ማንም› ነበር። ነይ ተቀመጪ እዚህ።»

ከመንገዱ ማዶ ባለው የአውቶቡስ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከሰልፉ ላይ አልነቀሉም። ከበስተጀርባ የቆመ፣ የሚያዝ፣ የሚጠቅስ ሰው ፈለጉ፤ አጡ። ማጣታቸው ራሱ አጠራጠራቸው።

ጥርጣሬያቸውን ያባባሰው ሌላም ነገር ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ከዚሁ መሥሪያ ቤት ድምፁ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሰው ደውሎላቸዋል። ልጅቱ ስትቀጠር «ችግር ቢያጋጥም የሚጠራ ዘመድ» በሚለው መስመር ላይ የሞላችው የእሳቸውን ስልክ ነውና። «አባታችን፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ የሚያሳስቷት ሰዎች እንዳሉ ግን ፈርተናል። እንደ አባት ቢመክሯትስ?» አላቸው። ሰው «አባታችን» ብሎ ካማከራቸው ስንት ዘመናቸው! ደስ ብሏቸው ብዙ አወሩ። ዳቦውን የሚመዝን ሰው የተሰጠውን አክብሮት ሳይመዝን ዋጠ፤ ተጠራጣሪ የሚሸነፈው እንዲህ ነው። ስለ ስልኩ ለልጅቱ ትንፍሽ አላሉም። እሑድ ረጋ ብለው ሊመክሯት አስበው ነበር፤ አድማው ቀደማቸው።

«ስሚኝ፤ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ዱቄቱ ሳንባው ገብቶ ሥራ ቢያቆም ይገባኛል። ሸክም ያጎበጠው ቢያቆም ይገባኛል። እናንተ ምናችሁ ጎበጠ? የእኔን የዓመት ጡረታ አንቺ በወር ታገኚዋለሽ። ሲሞቅ በሚያበርድ፣ ሲበርድ በሚያሞቅ ክፍል ውስጥ ነው የምትውይው። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!»

«እኛስ የጮኽነው በበላንበት በር ላይ አይደል ጋሼ? ጎረቤት ሄደን መች ጮኽን?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«ደሞዛችን ጥሩ ነው፤ ማንም አይክድም» አለች ልጅቱ። «ግን ደሞዝ የሥራ ዋጋ ነው እንጂ የአፍ መለጎሚያ አይደለም። ያቆምነው ለገንዘብ ቢሆን ኖሮ እርስዎ እውነትዎን ነበር። ያቆምነው በምዘናው ነው።»

«በምን?»

«በየስድስት ወሩ አንዳችን ስለ ሌላው በምስጢር እንጽፋለን። ማን ይረባል፣ ማን አይረባም። የጻፍነውን አንድ ፕሮግራም ሰብስቦ ይደረድረናል። ከየአሥሩ ሰው አንዱ የግድ ከታች ይሆናል። ከታች የሆነው ይሰናበታል። ማን ጻፈብኝ፣ ምን ጻፈብኝ ብሎ መጠየቅ አይቻልም።»

«ሰነፍ ቢባረር ምን ክፋት አለው? ከአሥር ሰው አንድ ሰነፍ አይጠፋም።»

«አልጠፋም፤ መጀመሪያ ነበረ፤ ሄደ። በሁለተኛውም ዙር ሌላ ተገኘ እንበል። ይኸው አምስተኛ ዙር ላይ ደርሰናል። አሁን ከክፍላችን አሥር ሰው ውስጥ ሰነፍ የለም፤ አንድ ሰው ግን ከታች መገኘት አለበት። ጋሼ፣ እርስዎን አለቃዎ ‹አሥር ሱቅ መርምር፤ አሥሩም ልክ ቢሆን አንዱን ዝጋ› ቢልዎት ምን ያደርጉ ነበር?»

«ደብተሩን ፊቱ ላይ ነበር የምወረውርለት!» አሉና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። ሳያስቡት ለእሷ ፈረዱ። ቶሎ ብለው ሌላ ጥግ ፈለጉ። «ቆይ፣ ለመሆኑ ያ ሚዛን ወዴት ነው የሚዞረው?»

«አልገባኝም።»

«የሥራችን የመጀመሪያ ደንብ ናት። የሚዛን ፊት ወደ ገዢው ይዞራል። ሚዛኑን ወደ ራሱ ያዞረ ነጋዴ ድንጋዩ ልክ ቢሆን እንኳ እቀጣው ነበር። ‹ምን አጠፋሁ? ይኸው አልጎደለም› ይለኛል። ‹አለመጉደሉን አንተ ነህ ያየኸው፤ ገዢው አላየም› እለዋለሁ።»

«እንግዲያው የእኛ ሚዛን ጀርባውን ነው ያዞረልን» አለች ልጅቱ።

ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔ፣ ይህን የምጽፈዋ ሴት፣ ብዙ ሽማግሌ ሲከራከር አይቻለሁ፤ ተከራክሮ የተረታ ሰው ይጮኻል፣ በገዛ ቃሉ የተረታ ግን ዝም ይላል። የእሳቸው ዝምታ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ግማሹ አሁንም ይመዝን ነበር።

«ለብቻሽ ገብተሽ ለምን አልነገርሻቸውም? አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ይሰሙሽ ነበር።»

«ገባሁ። ‹ያንቺ ውጤት ጥሩ ነው፣ ምን አገባሽ?› አሉኝ። ከእኔ ኋላ የገባውንም እንዲሁ አሉት። ለየብቻ ስንገባ ሁላችንም ጥሩዎች ነን፤ የሚባረረው ግን ሁልጊዜ ከእኛው መካከል ነው። እኔ ተቆጥቼ ብወጣ በማግስቱ ወንበሬ ላይ ሌላ ይቀመጣል። ሁለት መቶ ወንበር በአንድ ጠዋት የሚሞላ ጌታ ግን የለም።»

«እኛም በጊዜያችን ማኅበር ነበረን። ሊቀመንበሩ በሁለት ዓመቱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ እኛ መዋጮ ከፋይ ሆነን ቀረን።»

«ያን ፈርተን ነው ሊቀመንበር በየዓመቱ የሚቀየረው። ከወረደም በኋላ ሁለት ዓመት ሹመት መቀበል ክልክል ነው።»

«ይሄን አንቀጽ ማን አገባው?»

«እኔ።»

«እኔን ነው የወጣሽው» አሉ፤ ኩራታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ግን ወዲያው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ያንን የሚደረድራችሁን ፕሮግራምስ ማን ሠራው?»

ልጅቱ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው።

«እኛው ነን። መጀመሪያ የሠራነው ለሞተረኞቹ ነበር፤ ዕቃ ለሚያደርሱት። በየወሩ ከታች የተገኙት ስልካቸው ላይ ሥራ መምጣት ያቆማል። ‹ለምን?› ሲሉ የሚመልስላቸው የለም።»

«እነሱ ሲቆረጡ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ወንበሬ ላይ።»

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነዋ!»

«አዎ ጋሼ። ወደ እኛ እስኪዞር ድረስ አላመመንም። ከጥያቄዎቻችን አንዱ የእነሱ የሆነውም ለዚህ ነው። ዘግይተናል። ሌላም ልንገርዎት? ያቺን ቀጭኗን ጓደኛዬን ያውቋታል፤ ቤት ትመጣለች። ጠረጴዛችን አንድ ነው። ባለፈው ዙር እኔ ፈርቼ እሷን ከታች አስቀመጥኳት። እሷም ፈርታ እኔን። ከዚያ ወርደን ምሳ አብረን በላን። ከሳምንት በኋላ እሷ አልቅሳ ስትነግረኝ እኔም ነገርኳት። ማኅበሩ የተጀመረው ያን ቀን ነው። ሁለት መቶ ሰው እንዲህ እየተያየ ነው ‹እንደምን አደርክ› የሚባባለው።»

ሽማግሌው የራሳቸውን ሰላምታ አስታወሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ይህን ሲነጋገሩ ቀጭኗ ራሷ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች። ፊቷ አመድ መስሏል። ስልኳን ለልጅቱ አቀበለቻትና ለሽማግሌው እጅ ነሥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አሰናበቱኝ። ‹የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ ከግቢ ውጭ በማውጣት› ይላል።»

«አንቺን ብቻ?»

«እኔን ብቻ። መጀመሪያ ደውለው አናገሩኝ። ማክሰኞና ዓርብ አንቺ ቤት እንደምንሰበሰብ ያውቃሉ። ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ያውቃሉ። ‹አረንጓዴ ቦርሳ አንግተሽ ከሁሉ ቀድመሽ የምትደርሺ አንቺ ነሽ› አሉኝ። ከመካከላችን የሚያወራ ሰው አለ። ዝምተኛው ነው እያሉ ነው።»

«የሰርቨር ክፍሉ?»

«ሰኞ ዕለት አሥረኛ ፎቅ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ ሲገባ አይተውታል። ስድስት ሰዓት ላይ ድምፅ ተሰጥቶ ከማኅበሩ ሊወጣ ነው። እሱ ከወጣ አራቱ የክፍሉ ልጆች አብረውት ይገባሉ። ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ከገቡ ሥራ አቆምን ማለት ቀልድ ነው። እስከ ማታ ሁሉም ተራ በተራ ይገባል።»

«እኔም እሱን ነበር የጠረጠርኩት» አለች የእህታቸው ልጅ። «ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም።»

ሽማግሌው አልሰሟትም። አረንጓዴ ቦርሳ ላይ ቀርተዋል።

«ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው አረንጓዴ ቦርሳ ያነገተች ቀጭን ልጅ ናት፤ ጨዋ ናት፣ ጫማዋን አውልቃ ነው የምትገባው» ያሉት እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ ነው የምትኖረው፤ የግቢውን በር ለእንግዶቿ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ያ ለስላሳ ድምፅ «ለመሆኑ አባታችን፣ ጓደኞቿስ ደህና ልጆች ናቸው?» ሲላቸው፣ ቀጭኗን ማመስገናቸው ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ ሰውዬው ወዲያው ተነሥተው ተናዘዙ ብዬ ብጽፍ ባማረ ነበር፤ ውሸት ይሆናል እንጂ። ተቀምጠው አሰቡ። ዝም ቢሉ የሚያውቅ የለም። ዝምተኛው ይባረራል፤ አድማው ይፈርሳል፤ የእህታቸው ልጅ ነገ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ጠዋት ሲመኙት የነበረው ይኸው አይደል? የሚፈለግባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ምንም አለማለት።

ሌላው ሐሳብ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ያ ዝምተኛ ልጅ በማያየው ሚዛን ሊመዘን ነው። ጎዶሎውን ድንጋይ ሚዛኑ ላይ ያስቀመጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

«ተነሡ» አሉ። «ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ውሰዱኝ።»

«ወዴት ጋሼ?»

«ወደ ሰዎቻችሁ። የሚያወራውን ሰው አውቄዋለሁ።»

በሩ አጠገብ ክብ ሠርተው ነበር። ዝምተኛው ክንዱን አጣጥፎ ብቻውን ቆሟል፤ በዙሪያው ሰው የሌለበት ሁለት እርምጃ ያህል መሬት አለ። እጅ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ሽማግሌው መሐል ገቡ።

«ልጆቼ፣ ይሄ ሰው አላወራም። ያወራሁት እኔ ነኝ።»

ሁካታ ሆነ። «ማን ናቸው እኚህ?» አለ አንዱ። «ደግሞ ሽማግሌ ይላኩብን?» አለ ሌላው። «ስንት ተከፍሎዎት ነው የእሱን ጥፋት የሚሸከሙት?»

«ደግ ጠየቅህ፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምጠይቀው» አሉ ሽማግሌው፤ የመጡበትን ሁሉ ረስተው ልጁን ወደዱት። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉለት። «እየው። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ አውርተናል። ቁጥሩን አንብብና የማን እንደሆነ ለሁሉም ንገር። አንተ ብቻ አትየው፤ አሳያቸው።»

ልጁ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። የሰው ኃይል ቢሮው መስመር መሆኑን ሁሉም ያውቁታል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

የእህታቸው ልጅ ግን ስልኩን አላየችም፤ እሳቸውን ነበር የምታየው።

«ጋሼ … እርስዎ?»

«እኔ። ‹አባታችን› አለኝና ቀለጥኩ። የዚችን ልጅ እንጀራ የዘጋሁት በሙገሳ ነው። ክፋት አላሰብኩም ብዬ ግን አልከራከርም፤ አላሰብኩም ነበር የሚል ነጋዴ ስንቱን ቀጥቻለሁ።»

ቀጭኗ አንገቷን ደፋች። አልተቆጣችም፤ ይቅርም አላለች። ያን ቀን አላለችም።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ዝምተኛውን፣ «ታዲያ አንተ አሥረኛ ፎቅ ምን ልታደርግ ወጣህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ስለ እሷ እንድጽፍ ጠርተውኝ» አለ ወደ ቀጭኗ እያመለከተ። «አልጽፍም ብዬ ወጣሁ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም አውቃችሁ ጨርሳችሁ ነበር።»

ይህን ያህል ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም። እጁን ከደረቱ ላይ አወረደ። አንድ ሁለት ሰው ወደ ባዶው መሬት ገባ። ቀጥሎ ሌላው። ድምፅ የሚሰጥበት ነገር አልቀረም።

ሽማግሌው ያን ቀን ወደ ዓይን ሐኪሙም ወደ ቤታቸውም አልሄዱም። ጥላው ባለበት ቆመው ካርቶን ያዙ። አንድ አላፊ አግዳሚ «አባባ፣ እርስዎም ፕሮግራመር ነዎት?» ብሎ ቢቀልድባቸው፣ «አይደለሁም፤ ግን ሚዛን ሲሰረቅ ሩቅ ሆኜ ይሸተኛል» አሉት።

በሩ አሥራ ሁለት ቀን ተዘግቶ ቆየ። በአሥራ ሦስተኛው ድርጅቱ ስምምነት ፈረመ። ቀጭኗ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከአሥር ሰው አንዱ የግድ ከታች ይሁን የሚለው ደንብ ተሠረዘ። የሚመዘን ሰው ሁሉ የተጻፈበትን ከጻፊው ስም ጋር እንዲያነብ፣ መልስም እንዲሰጥ ተፈቀደ። የሞተረኞቹ ጥያቄ በግማሽ ብቻ ነው የተመለሰው፤ ከመቆረጣቸው በፊት ምክንያቱ ይነገራቸዋል፤ የሚከራከሩበት መንገድ ግን ገና አልተከፈተም፤ ማኅበሩም እሱን ይዞ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«በደህና ደሞዝ ላይ ይህ ሁሉ ግርግር ለምን?» የሚል አንባቢ ካለ ልመልስለት። ጥሩ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የሚፈራው ብዙ አለው፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ በባልንጀራው ላይ ይጽፋል፤ በባልንጀራው ላይ የጻፈ ሰው ነገ የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል፤ ለሞተረኛም ቢሆን፣ ለእኔም ቢሆን፣ ለአንተም ቢሆን። ማኅበሩ በመጀመሪያ ያስገኘው ጥቅም ገንዘብ አልነበረም። ሰዎቹ አንዱ ሌላውን ሳይፈራ፣ ስለሚሠሩት ሥራ «ይሄ ልክ አይደለም» ማለት ጀመሩ። እንዲህ የሚባባል ሰው የሠራውን ዕቃ ተጠቃሚውም አምኖ ይይዘዋል።

ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ግልጽ ምዘና ወጣ። ያን ዕለት የእህታቸው ልጅ ደረጃውን እየደበደበች ወጥታ ቤታቸው ገባች፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«ዝምተኛው ምን ብሎ እንደጻፈብኝ ያውቃሉ? ‹ፈጣን ናት፤ ግን ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ትመልሳለች›!»

«ውሸት …»

«ውሸት ነው እንጂ!»

«… አይደለም ልልሽ ነበር፤ አላስጨረስሽኝም። ተጣላችሁ?»

«ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ ነዋ የተጣላሁት! ሥራ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ከማን ጋር እንደምጣላ አውቄ ስጣላ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ታዲያ ማን ረታ?»

«ገና ነን» አለች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እንቀጥላለን። አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ መቼ መቼ ነው ሰው ያቋረጥኩት? ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ።»